የ1963፣ የ1967 ወይስ የመሃሉ? ስቲንግ ሬይ ኮርቬት ለሚገዛ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ሸቭሮሌ ስቲንግ ሬይ የተባለውን የኮርቬት ስፖርት መኪና የሠራው ከ1963 እስከ 1967 ለአምስት ዓመት ብቻ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከነበረው ፋብሪካ የወጡት በድምሩ 118 ሺህ ይጠጋሉ። ቁጥሩ ሲታይ ብርቅ የሚባል መኪና አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ በማንኛውም ጊዜ አይጠፋም። ምርጫውን የሚያከብደውም ይኸው ነው። በቀለምም በመልክም አንድ የሆኑ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው የአንዱ ዋጋ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከኮፈኑ ሥር በተመታ ቁጥር፣ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት፣ መኪናውን ማን ገዝቶ ለማን እንደሸጠው በሚናገር ታሪክ ውስጥ ነው ያለው።

አብዛኛው ገዢ የሚጀምረው "የስንት ዓመቱ ይሻላል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ። እኔ ግን ከዓመቱ በፊት የመኪናው የሕይወት ታሪክ ይቀድማል ባይ ነኝ። ከመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ የማን እንደነበረ የሚታወቅ፣ ሞተሩ ያልተቀየረ የ1966 ተራ ስቲንግ ሬይ፣ ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ የ1967 ባለ ትልቅ ሞተር ይበልጥብኛል። ምክንያቱን ለማየት መጀመሪያ ምርጫዎቹን እንያቸው።

የ1963ቱ፦ የኋላ መስታወቱ ለሁለት የተከፈለው

የ1963ቱን ኩፔ (ጣሪያው የማይገለጠውን) ከሩቅ የሚያስለየው የኋላ መስታወቱ ነው። ከጣሪያው ወርዶ እስከ ጭራው የሚዘልቅ አጥንት መስታወቱን መሃል ለመሃል ይከፍለዋል። የሸቭሮሌ እናት ኩባንያ የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን ኃላፊ የነበረው ቢል ሚቼል ይህን መስመር አጥብቆ ይወደው ነበር። የኮርቬት ዋና መሐንዲስ ዞራ አርከስ-ደንቶቭ ደግሞ ሹፌሩ ወደ ኋላ እንዳያይ ይጋርደዋል ብሎ ተቃወመ። ለአንድ ዓመት ሚቼል አሸነፈ፤ በ1964 አጥንቱ ተነሳ። ስለዚህ መስታወቱ የተከፈለበት ኮርቬት የ1963 ብቻ ነው፤ የተሠሩትም 10,594 ናቸው። በዚያው ዓመት ጣሪያው የሚገለጠው 10,919 ተሠርቷል፤ እሱ ግን ይህ መስታወት የለውም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይለያል።

አዲስ ሳለ የኩፔው መነሻ ዋጋ 4,257 ዶላር ነበር። ሞተሩ 327 ኪዩቢክ ኢንች (የሲሊንደሮቹ ይዘት) ሆኖ በአራት ደረጃ ይቀርባል፦ 250፣ 300፣ 340 እና 360 የፈረስ ጉልበት። ባለ 360ው ካርቡሬተር የለውም፤ ነዳጅ በመርጨት ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለው በ2,610 መኪኖች ላይ ተገጥሟል። ከሁሉም የላቀው ዚ06 የሚባለው የውድድር ጥቅል ሲሆን በ199 መኪኖች ላይ ብቻ ነው የተገጠመው፤ ከነዚህ ውስጥ 36 ጋሎን የሚይዝ ትልቅ የነዳጅ ጋን ያላቸው አሉ። ዚ06 ነው ተብሎ የሚቀርብልዎ መኪና ካለ ወዲያው ወደ ሰነዱ ይሂዱ፤ ሰነድ ከሌለው እንደ ተራ 1963 ቆጥረው ይደራደሩ።

የ1963ቱ በራሱ የሚመጣ ችግር አለው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መኪናው ገና አሮጌ ተራ መኪና በነበረበት ጊዜ፣ ባለቤቶቹ የኋላ እይታ ፈልገው ወይም የአዲሱን ዓመት መልክ ለመስጠት አጥንቱን አስቆርጠው የ1964ን አንድ ወጥ መስታወት ያስገጥሙ ነበር። ዋጋው ሲንር ብዙዎቹ ተመልሰው አጥንት ተሠራላቸው። ሥራው በደንብ ከተሠራ ከውጭ አይታወቅም፤ ከውስጥ ግን የጣሪያውን ጨርቅ ገልጦ ፋይበርግላሱን በባትሪ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጉዳይ ፍሬኑ ነው። የ1963ም የ1964ም መኪኖች በአራቱም እግር የከበሮ ፍሬን ነው ያላቸው። ቁልቁለት ላይ ደጋግመው ከያዙት ይግላል፤ ሲግል ይደክማል።

መንዳቱን በተመለከተ ግን ይህ መኪና ከቀደሙት ኮርቬቶች ሁሉ የተለየ ነው። የኋላ እግሮቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት የመጀመሪያው ኮርቬት ስለሆነ፣ ከሥሩ አንድ ባሌስትራ ብቻ በአግድም ተዘርግቶ ሁለቱንም ይሸከማል። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያለው እርጋታ ዛሬም የሚያስደስት ነው።

የ1967ቱ፦ ትልቁ ሞተር

1968 ላይ የወጣው አዲሱ ኮርቬት በዕቅዱ መሠረት በ1967 መድረስ ነበረበት። ዘገየ፤ በዚህ ምክንያት ስቲንግ ሬይ አንድ ዓመት ተጨመረለት። ያ ተጨማሪ ዓመት የጠራውን ስቲንግ ሬይ ሰጠን። የጎን ጌጡ ቀነሰ፤ ከፊት ጎማ ጀርባ አምስት ዘንበል ያሉ የአየር መውጫዎች ብቻ ቀሩ፤ የእጅ ፍሬኑ ወደ ሁለቱ መቀመጫዎች መሃል መጣ። በድምሩ 22,940 ተሠርተዋል።

ብዙዎች 1967ን የሚፈልጉት ለ427 ኪዩቢክ ኢንቹ ሞተር ነው። ይህም በደረጃ ይከፈላል፦ ባለ 390 ጉልበት (3,832 መኪኖች)፣ ሦስት ካርቡሬተር ያለው ባለ 400 (2,101) እና ደግሞ ሦስት ካርቡሬተር ሆኖ 435 ጉልበት ያለው፣ ኤል71 የሚባለው (3,754)። የኤል71 ጭማሪ ዋጋ ያኔ 437 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነበር። ከነዚህ በላይ ኤል88 የሚባለው ሞተር አለ። ወረቀት ላይ 430 ጉልበት ተብሎ ቢጻፍም በተግባር ከ500 ያልፋል፤ ሬዲዮም ማሞቂያም ሳይኖረው ለውድድር ተብሎ የተሠራ ነው። በ1967 ከፋብሪካ የወጡት 20 ብቻ ናቸው። ከነሱ አንዱ፣ ቀይ ኩፔ፣ በጥር 2014 በስኮትስዴል፣ አሪዞና ጨረታ 3.85 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

እንዲህ ያለ ዋጋ ባለበት ቦታ ማጭበርበርም አለ። የስቲንግ ሬይ የሻንሲ ቁጥር ዓመቱን፣ ኩፔ ወይም ገላጭ ጣሪያ መሆኑንና ተራ ቁጥሩን ይናገራል፤ ስለ ሞተሩ ግን አንድም ነገር አይልም። ሸቭሮሌ የሞተሩን ዓይነት በሻንሲ ቁጥር ውስጥ ማስገባት የጀመረው በ1972 ነው። ስለዚህ 300 ጉልበት ይዞ የተወለደ የ1967 መኪና ኮፈኑ ተቀይሮ፣ 427 ሞተር ተገጥሞለት፣ ሦስት ካርቡሬተር ተደርድሮበት "435 ነው" ተብሎ ሲቀርብ፣ የሻንሲ ሰሌዳው አይቃረንም።

ሌላው መታወቅ ያለበት የኑሮው ጉዳይ ነው። ትልቁ ሞተር አፍንጫውን ያከብደዋል፤ በበጋ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሙቀቱ በፍጥነት ይጨምራል። ባለ 435ው ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ስላለው ደህና ቤንዚን ይፈልጋል፤ ቫልቩም በየጊዜው በእጅ መስተካከል አለበት። በወር አንዴ ለሚነዳ ሰው ይህ ደስታው ነው። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ይዞ መንሸራሸር ለሚፈልግ ግን ድካም ነው።

የመሃሉ፦ ከ1964 እስከ 1966

እዚህ ውስጥ ለብዙ ሰው የምመክረው አለ። የ1964ቱ የመስታወቱ አጥንት የሌለው፣ ፍሬኑ ግን ገና የከበሮ የሆነ ነው፤ ዋጋው ካልሳበዎ በቀር ልዩ ምክንያት አይታየኝም። 1965 ላይ ትልቅ ለውጥ መጣ፦ በአራቱም እግር የዲስክ ፍሬን የመኪናው መደበኛ ዕቃ ሆነ። የከበሮውን ለመውሰድ የመረጡ 316 ገዢዎች ብቻ ናቸው። የነዳጅ መርጫው ሞተር በ375 ጉልበት ለመጨረሻ ጊዜ የቀረበው በዚህ ዓመት ነው፤ 396 ኪዩቢክ ኢንች የሆነው የመጀመሪያው ትልቅ ሞተርም በዚሁ ዓመት ገባ። በ1966 ደግሞ 427 ተተካ፤ የዚያ ዓመት ምርት 27,720 ደርሶ ከአምስቱ ዓመታት ከፍተኛው ሆነ።

የ1965 ወይም የ1966 ገላጭ ጣሪያ፣ 327 ሞተር ባለ 300 ጉልበት፣ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ፦ ለመንዳት ከሆነ ከዚህ የተሻለ ስቲንግ ሬይ አላውቅም። ይቆማል፣ አይግልም፣ መለዋወጫው በሽ ነው። የዲስክ ፍሬኑ አንድ የታወቀ ድክመት አለው፤ መኪናው ሲቆም የፍሬን ሲሊንደሮቹ ከውስጥ ይዝጉና ማፍሰስ ይጀምራሉ። መፍትሔው ከረጅም ጊዜ በፊት ተገኝቷል፤ ሲሊንደሮቹ በማይዝግ ብረት ይለበጣሉ። የሚገዙት መኪና ይህ ተሠርቶለት እንደሆነ ደረሰኙን ይጠይቁ።

ታሪኩን ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፎርድን መኪና የሚገዛ ሰው ከ1967 ወዲህ ላሉት የፋብሪካውን መዝገብ የሚያወጣለት አገልግሎት አለ። ለፖንቲያክም እንዲሁ። ለኮርቬት ግን የሴንት ሉዊስ ፋብሪካ መዝገብ እንዲህ ተጠብቆ አልቀረልንም። መጀመሪያ የተሸጠው ካናዳ ከሆነ የካናዳው ጄኔራል ሞተርስ ሰነዱን ይሰጣል፤ አሜሪካ የተሸጠው ግን የራሱን ማስረጃ ራሱ ተሸክሞ መምጣት አለበት። የኮርቬት የባለቤትነት ታሪክ ከሌሎች መኪኖች ይልቅ ገንዘብ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው የሞተሩ ቁጥር ነው። በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ፊት፣ በተሳፋሪው በኩል ካለው ቴስታታ ፊት ለፊት አንዲት ጠፍጣፋ ቦታ አለች። እዚያ ላይ ሁለት ጽሑፍ ይመታል። አንደኛው ሞተሩ የተገጠመበትን ፋብሪካ፣ ቀንና ዓይነት ይናገራል። ለምሳሌ "ቲ0315ጄኢ" ማለት በቶናዋንዳ፣ ኒውዮርክ፣ መጋቢት 15 የተገጠመ፣ ለ1967 ደግሞ 435 ጉልበት ያለው ሞተር ነው። ትንሹ 327 ሞተር ከሆነ በ"ቲ" ፈንታ "ኤፍ" ይሆናል፤ ፍሊንት፣ ሚሺጋን ማለት ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ ከመኪናው የሻንሲ ቁጥር የተወሰደ ነው፦ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝና ስድስቱ ተራ ቁጥሮች። ይህ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ሥር ከተለጠፈው የሻንሲ ሰሌዳ ጋር መግጠም አለበት።

መግጠሙ ብቻ ግን አይበቃም፤ ቁጥር እንደገና ሊመታ ይችላል። ያ ጠፍጣፋ ቦታ ፋብሪካ ውስጥ ሲላግ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይቀሩበታል። መስመሮቹ ጠፍተው ቦታው እንደ መስታወት ከለሰለሰ፣ ወይም አሸዋ ወረቀት እንደነካው ዙሪያውን ከተቧጨረ፣ አንድ ሰው እዚያ ሠርቷል ማለት ነው። አንዳንዴ ይህ ከማጭበርበር ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሞተሩ ሲታደስ ብሎኩ ተልጎ ቁጥሩ አብሮ ጠፍቶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሌሎቹን ቀኖች ማየት ነው። ብሎኩ ከቀለጠ ብረት የፈሰሰበት ቀን በራሱ ብረት ላይ በቅርጽ ወጥቷል፤ ወሩ ከኤ እስከ ኤል ባሉ ፊደላት ይጻፋል። ቅደም ተከተሉ የማይፋለስ መሆን አለበት፦ ብሎኩ ፈሰሰ፣ ሞተሩ ተገጠመ፣ ከዚያ መኪናው ተገጣጠመ። ከመኪናው በኋላ የፈሰሰ ብሎክ ያለው "ኦሪጅናል" ኮርቬት የለም።

ከብረቱ ቀጥሎ ወረቀቱ። በ1967 መኪኖች ላይ የፋብሪካው የትዕዛዝ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት በነዳጅ ጋኑ አናት ላይ ተለጥፎ ይወጣ ነበር። የታዘዘው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ አለ፦ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ሬዲዮው፣ ቀለሙ። ችግሩ ጋኑን ሳያወርዱ አይታይም፤ ቤንዚን የፈሰሰበት ከሆነም ተበልቷል። የወረደና የተጠበቀ ካለ ለ1967 ከሁሉም የበለጠው ማስረጃ እሱ ነው። አስመስለው የሚያትሙ ስላሉ ግን የወረቀቱን እርጅናና የጋኑን አናት አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ሲነሳ ጋኑ ላይ ጥላው ይቀራል።

ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ፕሮቴክት-ኦ-ፕሌት የሚባል ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። ከዋስትናው ደብተር ጋር የሚሰጥ ሲሆን የሻንሲው ቁጥር፣ የሞተሩና የካምቢዮው ምልክት በላዩ ተመትቷል። የመጀመሪያው ባለቤት ስምም አብሮ ይለጠፍበት ነበር። አንድ መኪና ይህ ሰሌዳ ካለው የታሪኩ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተጽፏል ማለት ነው፤ በማን ስም፣ የት ከተማ እንደተገዛ ያውቃሉ።

ስሙ ከሌለ ፍለጋው ይጀምራል። በ1974 የተመሠረተው ብሔራዊ የኮርቬት አዳሾች ማኅበር፣ በምህጻረ ቃል ኤንሲአርኤስ፣ ለብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሸቭሮሌዎች መኪናው ወደ የትኛው ሻጭ እንደተላከ የሚያሳይ ሪፖርት በክፍያ ይሰጣል። ከተማውን ካወቁ ቀጣዩ ሥራ የእግር ነው፦ የድሮ የምዝገባ ወረቀት፣ የኢንሹራንስ ካርድ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ የዘይት ቅያሪ መለጠፊያ። መንግሥትን መጠየቅ ብዙ አይረዳም፤ የ1994ቱ የፌዴራል ሕግ ግዛቶች የባለቤቶችን ስም ለማንም እንዳይሰጡ ይገድባል። በሻንሲ ቁጥር የመኪና ታሪክ የሚያወጡት የታወቁት የኢንተርኔት አገልግሎቶችም እዚህ አይሠሩም፤ እነሱ የተገነቡት ከ1981 ጀምሮ በመጣው ባለ 17 አሃዝ ቁጥር ላይ ነው፤ የስቲንግ ሬይ ቁጥር ከዚያ ያጠረ ነው።

ስለዚህ የሚቀረው ሰው ነው። በ1966 መኪናውን አዲስ የገዛ ወጣት ዛሬ በሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ሻጩ ከማን እንደገዛው ይጠይቁት፤ ያም ሰው ከማን እንደገዛው ይንገረዎ። በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ ብዙ በር ይከፍታል። እነዚያ አባቶችና እናቶች ለአዲሱ ባለቤት ፎቶ ሲልኩ፣ የገዙበትን ቀን ሲያጫውቱ ደስ ይላቸዋል። የሚሉትን በጽሑፍ፣ ከተቻለም ፈርመውበት ይቀበሉ። ይህን ከመግዛትዎ በፊት ማድረግ ካልቻሉ ከገዙ በኋላ ቶሎ ያድርጉት፤ ሰዎቹ እያለፉ ነው፤ ሲያልፉ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል።

የባለቤትነት ታሪክ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት ከኮርቬት ወጣ ብዬ አንድ ምሳሌ ላምጣ። የፊልም ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በ1968 በወጣ ፊልም ላይ የነዳውን አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ አንድ ቤተሰብ በ1974 በ6,000 ዶላር ገዛው። ማክዊን በ1977 ልግዛው ብሎ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ አልሸጡም። መኪናው ሳይታደስ፣ እንደተጎሳቆለ አብሯቸው ኖረ። በጥር 2020 በፍሎሪዳ ጨረታ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ተጠራበት፤ ከክፍያው ጋር 3.74 ሚሊዮን ሆነ። ያ ደብዳቤና ያ ያልተቆረጠ የባለቤቶች ሰንሰለት ባይኖር፣ የደበዘዘ አሮጌ ሙስታንግ ነበር።

ያልተነካ፣ የታደሰ፣ ሞተሩ የተቀየረ

የዓመቱን ጉዳይ ከወሰኑ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥም ምርጫ አለ። ያልተነካ የሚባለው ቀለሙ፣ ወንበሩ፣ ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ነው፤ ቢሰነጠቅም፣ ቢደበዝዝም። እንዲህ ያለው እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይሄድም። ገንዘብ ካለዎና ብዙ መንዳት የማይፈልጉ ከሆነ ይህን ይምረጡ፤ አደራዎን ግን አያስቀቡት።

በደንብ የታደሰና ሞተሩ የራሱ የሆነ መኪና ለአብዛኛው ሰው የተመጣጠነ ምርጫ ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው የእድሳቱ ፎቶ ነው። አካሉ ከሻንሲው ተነስቶ ከሆነ የሻንሲው ፎቶ፣ የብሎኩ ቁጥር ከመቀባቱ በፊት የተነሳ ፎቶ ሊኖር ይገባል። የኤንሲአርኤስ ዳኞች የፈተሹት ከሆነ የውጤት ወረቀቱን ይጠይቁ፤ ቀንና ቁጥር ስላለበት ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው።

ሞተሩ የተቀየረው ርካሽ ነው፤ ሻጩ ቀድሞ በግልጽ ከተናገረ ምንም ነውር የለበትም። ለመንዳት ብቻ ለሚገዛ ሰው ብልህ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ከላይ የድሮ፣ ከውስጥ አዲስ ሞተርና ፍሬን የተገጠመለትን ግን ከነዚህ ጋር አላወዳድረውም፤ እሱ ሌላ መኪና ነው፤ ዋጋውም በሠሪው ስም እንጂ በታሪኩ አይወሰንም።

ከኮርቬት ይልቅ ሼልቢ?

ታሪክ የሚወድ ሰው የ1965ን ሼልቢ ጂቲ350 ማየት አለበት። ካሮል ሼልቢ በካሊፎርኒያ ከሙስታንግ ላይ የሠራው፣ ሁሉም ነጭ፣ 306 ጉልበት ያለው፣ ለውድድር ሲባል የኋላ ወንበሩ የተነሳለት መኪና ነው። የተሠሩት 562 ናቸው፤ በአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ውድድር የኮርቬት ባላጋራ ነበር። ትልቁ ጥቅሙ የሼልቢ ክለብ እያንዳንዱን መኪና በቁጥሩ መዝግቦ፣ የሚያውቃቸውን ባለቤቶች ጭምር ይዞ መቆየቱ ነው። ኮርቬት ላይ በግል ለፍተው የሚያገኙትን እዚያ መዝገብ ከፍተው ያዩታል። ዋጋው ግን ከተራ ስቲንግ ሬይ እጅግ ይርቃል፤ ሲነዳም ሻካራ ነው።

ዝገትና ሊብሬ

የኮርቬት አካል ፋይበርግላስ ስለሆነ አይዝግም የሚለውን አይመኑ። ላሜራ የለውም እንጂ ከሥሩ የብረት ሻንሲ፣ ከፋይበርግላሱ ውስጥ ደግሞ መስታወቱንና በሮቹን የሚይዝ የብረት አጽም አለ። ይህ አጽም በፊት መስታወቱ ማዕዘኖችና በበሩ ማጠፊያዎች ሥር ይበላል፤ ጥገናው መኪናውን መበተን ይጠይቃል። በሻንሲው ከኋላ ጎማ ፊት ያለውን ቦታም በመዶሻ ቀስ አድርገው ይምቱት። የፊት ክንፉን ከውስጥ በባትሪ ሲያዩ ፋብሪካው ክፍሎቹን ያጣበቀባቸው ቁርጥራጮች ሊታዩ ይገባል፤ ከሌሉ ፊቱ በአደጋ ተቀይሯል።

የሻንሲ ሰሌዳው የተነቀለ፣ ማያያዣው የተለየ ወይም የተቧጨረ ከሆነ ይተዉት። በካንሳስ አንድ ሰው የገዛው የ1959 ኮርቬት፣ ሲታደስ ሰሌዳው ተነቅሎ ስለተመለሰ ብቻ በፖሊስ ተይዞበት ዓመታት ቆይቷል፤ ጉዳዩ ግዛቲቱ በ2022 ሕጓን እስክታሻሽል ድረስ ሄዷል። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር፣ በሻንሲው ላይ የተመታውና በሊብሬው ላይ የተጻፈው አንድ መሆናቸውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ሻጩም በሊብሬው ላይ ስሙ ያለ ሰው ይሁን።

ቨርጂኒያ ለሚኖሩ፣ 25 ዓመት ያለፈው መኪና የአንቲክ (የጥንታዊ መኪና) ታርጋ ሊያገኝ ይችላል፤ ታርጋው ግን ለዕለት ተዕለት መመላለሻ አይፈቅድም። ኢንሹራንስ ሲገቡ ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት የሚወሰንበትን ዓይነት ይጠይቁ፤ ተራው ኢንሹራንስ መኪናውን እንደ አሮጌ ዕቃ ነው የሚተምነው። ወደ አዲስ አበባ ልውሰደው የሚል ካለ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለች ያ ሐሳብ ለጊዜው ይቆይ።

እንግዲህ የትኛውን?

መልኩ ልቡን የወሰደው፣ ብዙ የማይነዳና የማይቸኩል ሰው የ1963ን ኩፔ ይፈልግ፤ ሞተሩ ባለ 300 ጉልበት ሆኖ የራሱ ከሆነ የነዳጅ መርጫውን ለማግኘት ሲል ወረቀት የሌለውን አይውሰድ። ለልጆቹ የሚቆይ ነገር የሚፈልግና አቅም ያለው ደግሞ የ1967ን 427፣ የጋኑ ወረቀት ካለው ብቻ፤ ከሌለው ባለ 390ው እንኳ ቢሆን ዋጋው ሲነገር ሞተሩን አይቁጠርለት።

የሚነዳ ሰው፣ በበጋ ጣሪያውን ገልጦ ረጅም መንገድ መውጣት የሚወድ፣ የ1965 ወይም የ1966 ገላጭ ጣሪያ ባለ 300 ወይም ባለ 350 ጉልበት ይግዛ። የ1965ን ሲያይ ሞተሩ 350 ጉልበት ያለው ከሆነ የብሎኩን ቀን በተለይ ይመርምር፤ በኋላ የተጨመረውን ከኦሪጅናሉ የሚለየው ቀኑ ነው። ከገዛ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው የሞተሩን ቁጥር፣ የሻንሲ ሰሌዳውንና የቀለም ሰሌዳውን (የፋብሪካው ቀለም ምልክት የተመታበትን) ፎቶ አንስቶ፣ ያገኘውን ደረሰኝና ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ፋይል ማድረግ ይሁን። የራሱን ስም፣ የገዛበትን ቀንና ከማን እንደገዛ በፋይሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፍ።